ያሳመርኩት መርዶ

ዛሬ ጠዋት የእድሩን ድንኳን ስጥፍ ነው ያረፈድኩት። ነፋስ ሸራውን ከማዕዘኑ ቀዶት፣ ግቢ ውስጥ ዘርግቼ በጆንያ መርፌና በሲባጎ እያያያዝኩት ነበር። አንድ ሰውዬና እህቱ በር ላይ ቆመው «የእትዬ ትርፌ ቤት ይሄ ነው?» አሉ። ጥቁር ለብሰዋል። የአባታቸው ዐርባ ደርሷል።

«እግዜር ያጽናችሁ፣ ግቡ» አልኳቸው።

«አንቀመጥም እማማ። የአባታችንን ፎቶ በትልቁ እያሠራን ነው፤ ከሥሩ ግጥም ይጻፍበታል። ያቺን የእርስዎን ሁለት ስንኝ ልናስፈቅድዎ ነው የመጣነው» አለች ሴትየዋ። ስልኳን አወጣችና አነበበችልኝ።

መርፌው ጣቴ ውስጥ ገባ። «የኔ አይደለችም» አልኳት። «ሰው ነው በኔ ያሳበበው።»

ይቅርታ ብለው ሄዱ። የልጅ ልጄ ሜሮን በረንዳው ላይ ታጠና ነበር፤ ቀና ብላ አየችኝ። «አኮ፣ ለምንድነው የዋሸሻቸው?» አለችኝ። አኮ ማለት በኦሮምኛ አያት ማለት ነው፤ ጭሮ ያደገ ልጅ አያቱን እንደዛ ነው የሚጠራው።

«ደብተርሽን አምጪ» አልኳት። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አንቺ ጻፊልኝ። ግን እንዳታሳምሪው። እንደወጣ ጻፊው።»

ሥራዬ አልቃሽነት ነበር። ሰው ሲሞት ይጠሩኛል፣ ሙሾ አወርዳለሁ፣ ሰዉ ይቀበለኛል፣ ያለቅሳል። አሁን ቀርቷል። ቄሶቹም ሙሾው ይቅር አሉ፣ እድሩም ከለከለ፣ ሀዘን ቤቱ ሁሉ በስፒከር መዝሙር ይከፍታል። እኔ ግን ያቆምኩት እነሱ ከመከልከላቸው በፊት ነው። ከልክለውኝ ያቆምኩ የሚመስለው ሰው ሞልቷል፣ እኔም እንደዛ እያስመሰልኩ ኖሬያለሁ።

ሥራውን ያስተማሩኝ እማማ ዘነቡ ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማር። ባሌ ሲሞት ያለቀስኩትን ሰምተው በሰልስቱ መጡ። የሜሮንን እናት፣ ያኔ ሕፃን ናት፣ ከእቅፌ ተቀበሉኝና «ይሄ ድምፅ ቤት ውስጥ ተዘግቶ አይቀመጥም፣ ያሳብድሻል፤ ነይ ከኔ ጋር» አሉኝ።

እማማ ዘነቡ እግራቸውን ሳይታጠቡ ሀዘን ቤት አይገቡም። ሳያለቅሱ እህል አይቀምሱም። በነጠላቸው ጫፍ ዝንጅብል ቋጥረው ይይዛሉ፤ ድምፃቸው ሊዘጋ ሲል ዘወር ብለው አንድ ቁራጭ ያኝካሉ። ደግሞ ቀጥታ ሳሎን አይገቡም፤ በጓሮ ዞረው ጓዳ ነው የሚገቡት። «ሳሎን ያለው ሰው የሟቹን ማዕረግ ይነግርሻል። ጓዳ ያለችው ደግሞ ሽሮው ቀጥኖ ይሁን ወፍሮ የሚወደውን ትነግርሻለች። የሚያስለቅሰው ሽሮው ነው» ይላሉ። ጓዳ ሦስት ነገር ይጠይቃሉ። ምን ይወድ ነበር? ማን ባዶውን ቀረ? የማይባለውስ ምንድነው? «ሦስተኛውን አስቀድሚ። የማይባለውን ሳታውቂ አፍሽን አትክፈቺ» ይሉኛል። ሰው ቤት ስንት የማይባል ነገር አለ! የተጣላ ወንድም፣ ያልታወቀ ልጅ፣ ስሙ የማይጠራ በሽታ።

ጥሩውን ግጥም መጀመሪያ ላይ አታውጪ፣ አስከሬኑ እስኪነሣ ጠብቂ ይሉኛል። ከጉሮሮሽ አትጩኺ፣ ከሆድሽ አውጪው። ሌላም ነበር፦ «ድንኳኑ ውስጥ የማያለቅሰውን ሰው ፈልጊ። ሀዘኑ ያለው እሱ ጋ ነው። ዐይንሽን እሱ ላይ አድርጊ፣ ግን እንዳትነኪው።» እኔ የመጀመሪያውን ነው የያዝኩት። «እንዳትነኪው» የሚለው በዚህ ገብቶ በዚያ ወጣ።

አንድ ጊዜ መቻራ አንድ ቡና ገበሬ ሞተው ሄድን። እኔ ያኔ ጉልበቴም ድምፄም ሙሉ ነው፣ ግጥሜን አዘነብኩት። ሴቶቹ ኦሮሞዎች ናቸው፤ አማርኛዬን እንደ ራዲዮ ዜና ቁጭ ብለው ያዳምጡኛል። አንድም እንባ የለም። እማማ ዘነቡ ነጠላዬን ከኋላ ሳቡኝ። «ግጥሙን ተይው። ስማቸውን ብቻ ጥሪ።» ስማቸውን ጠራሁ። ደግሜ ጠራሁ። አንዲት አሮጊት «ዋዮ!» ብላ ደረቷን መታች፣ ከዛ ቤቱ ተናወጠ። ስንመለስ ቡና የጫነ መኪና ላይ፣ ከጆንያው በላይ ቁጭ ብለን ነበር። እማማ ዘነቡ ለቅሶ ከዋሉ በኋላ ፀሐይ እስክትጠልቅ ስለማይናገሩ አንድ ቃል ሳይሉኝ ጭሮ ገባን። እኔ ግን አኩርፌ ነበር። ግጥሜን አስጣሉኝ ብዬ።

ሥራው ደሞዝ የሚባል የለውም። እጅሽ ውስጥ የሚጨምርልሽ አለ፣ ጋቢ የሚሰጥ አለ፣ የሚረሳም አለ።

እማማ ዘነቡ ካረፉ በኋላ ከሂርና እስከ በደሳ «ትርፌ ካልመጣች አስከሬኑ አይነሣም» መባል መጣ። ኮራሁ። ቤቴ ግን ባዶ ነው። ልጄ አግብታ ድሬዳዋ ገባች፤ ሜሮን እኔ ጋ የመጣችው ኋላ ነው። ቀኑን ሙሉ ሕዝብ መሀል ዋልኩና ስመለስ የሚከፍትልኝ የለም። ሰርግ አልጠራም፤ አልቃሽ ሰርግ ቤት ከገባች ገድ የላትም ይላሉ። እና ከግጥሜ ጋር ነበር የምኖረው። ድስት እያጠብኩ እገጥማለሁ፣ መንገድ ላይ እገጥማለሁ። ባል ሆነኝ ብል ይቀለኛል።

እንግዲህ የሂርናው ላይ ደረስኩ። ሜሮን፣ ትንሽ ውሃ ስጪኝ።

ሂርና አቶ በየነ የሚባሉ ነጋዴ ሞቱና አስጠሩኝ። ሰው ስለበዛ ድንኳን ከእኛ እድር ተውሰው፣ የእድራችን ድንኳን ተካይ ደምሴም አብሮ ሄዷል። ከደምሴ ጋር ስንት ዓመት በየሀዘኑ ስንገናኝ ከ«እንዴት አደሩ» በላይ ተነጋግረን አናውቅም።

እግሬን ታጠብኩ፣ በጓሮ ዞሬ ጓዳ ገባሁ። የሟቹን እህት አገኘኋት። የማይባለው ምንድነው አልኳት፣ አስቀድሜ። በሩን ዘጋችው።

«ግርማ፣ ልጃቸው፣ ሥራ ፍለጋ ወጥቶ ባሕር በላው። ወሬው ከመጣ ዐሥራ አምስት ቀኑ ነው። ወንድሜ በሆዱ ይዞት ከርሞ ነው የሞተው። እናቱ አስካለ አልሰማችም። ደም ግፊት አለባት፣ ሁለት ሀዘን ባንዴ ይገድላታል። የባሏ ዐርባ ይለፍና የንስሐ አባቷ ባሉበት፣ በማለዳ፣ ዘመድ ከቧት በወጉ እናረዳታለን። አደራሽን እትዬ ትርፌ፣ ልጅ የሚል ቃል ካፍሽ እንዳይወጣ።»

«በማርያም» ብዬ ማልኩላት።

ድንኳን ገባሁ። አስካለ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። አታለቅስም። ዐይኗ ደርቋል። አንዱን አወረድኩ፣ ሰዉ አለቀሰ፣ እሷ ዝም። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ዝም። ከአጠገቤ ያሉት ሴቶች «ባሏን አትወደውም ነበር እንዴ?» ብለው ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። ሌላዋ ደግሞ «ኧረ ትርፌ ዛሬ አልሆነላትም» አለች።

እሷን ነው የሰማኋት። አልሆነላትም ያለችውን።

አስከሬኑ ሊነሣ ነው። ሰዎቹ ጎንበስ ብለዋል። ያኔ መጣችልኝ፦

ልጅ ከፊት ቀደመ ቤቱን ሊያሰናዳ፣
አባትም ተነሣ ሊሆነው እንግዳ።

ሜሮን፣ እዚህ ላይ ልክ ልኩን ጻፊ። አምልጧት ነው ብለው ብዙ ሰዎች አዝነውልኛል። አላመለጠኝም። አፌ ውስጥ ያዝኳት። አየኋት። ማሃላዬንም አስታወስኩ። ይቺ ዛሬ ካልወጣች ዕድሜ ልኬን እንደሷ ያለች አትመጣልኝም አልኩና፣ አወጣኋት።

ድንኳኑ ሁሉ ቃተተ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ «እሰይ ትርፌ!» አሉ። ደስ አለኝ። ወይ እኔ፣ በዛች ደቂቃ ደስ አለኝ!

አስካለ ቀና አለች። «ምን አለች? የትኛው ልጅ ነው የቀደመው?» አለች። የባሏን እህት አየቻት፣ ፊቷን አዞረችባት። የወለደችው ሁለት ብቻ ነው። ሴቷ ልጇ አጠገቧ ተቀምጣለች። በእጇ ዳሰሰቻት፣ ትከሻዋን፣ ፀጉሯን። ይቺስ አለች። ከዛ ወደኔ ዞረች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ልጄ ነው?»

ቃል ቸግሮኝ የማላውቅ ሴትዮ «አዎ» ማለት አቃተኝ። አንገቴን ደፋሁ። እሷም አልጮኸችም፣ እንደተቀመጠች ጋደል አለች። ውሃ አምጡ፣ አየር አምጡ ሆነ። አልሞተችም፣ እግዜር ይመስገን፤ ግን ባሏ ሲቀበር ቤተ ክርስቲያን አልሄደችም። መሄድ አልቻለችም። ያን ቀን ባሏን እንኳን አላስቀበርኳትም።

ውጪልን ያለኝ የለም፤ ሰው ሁሉ ካጠገቤ ፈቀቅ፣ ፈቀቅ ሲል ገባኝ። በአጥሩ ሥር ስወጣ አንድ ሰው ነጠላዬን ከእሾህ አላቀቀልኝ። ደምሴ ነበር። ሚኒባስ ድረስ ወሰደኝ፣ አብሮኝም ገባ። ገና ጭሮ ሳንደርስ ከኋላ ወንበር ሁለት ሴቶች ግጥሟን ይባባሏታል። «ስሚማ፣ ሊሆነው እንግዳ!» «ወይ መታደል፣ እንዴት ያለ አፍ ነው!» ማን ከፊታቸው እንደተቀመጠ አላወቁም።

ደምሴ ሹፌሩን «ሙዚቃ ክፈት» አለው።

«ጋሼ፣ ከለቅሶ እየመጣችሁ አይደል እንዴ?»

«ክፈት አልኩህ። ጮክ አድርገህ።»

ከዛ በኋላ አላለቀስኩም። ግጥሟ ግን አልተወችኝም። ዳቦ ልገዛ ወረፋ ቆሜ እሰማታለሁ፣ ገበያ እሰማታለሁ። ስለ አስካለ የሚጠይቅ የለም፣ ስለ ግጥሟ ነው። ግጥም ማለት ይሄ ነው እንዴ አልኩ። ሰው ሲሰበር ድምፁ የሚያምር ነገር? የድሮዎቹን ሁሉ ወደኋላ ሄጄ አየኋቸው። የሰው ጓዳ ገብቼ የሰረቅሁት መሰለኝ። ድስት ሳጥብ ቃል ሲመጣልኝ ድስቱን በኃይል እፈትግ ነበር፣ እንዲሄድልኝ። ባዶ ቤት ከግጥም ጋር ይቻላል። ያለ ግጥም ግን አልቻልኩትም። ግድግዳውን እያየሁ መዋል ሆነ ሥራዬ።

አሁን የሚያሳፍረኝ ሌላው ነው። «ይሄንንም ልጻፈው?» ትላለች ሜሮን እየሳቀች። ጻፊው እንጂ፤ ማፈሩ የኔ፣ አንቺ ምን አገባሽ።

የጭሮ ቧንቧ ውሃ እንደ ልቡ ነው የሚመጣው። አንድ ቀን በሬን ስከፍት ሙሉ ጀሪካን ውሃ ቆሟል። ባዶውን በሩ ላይ አስቀመጥኩት፣ በሳምንቱ ሞልቶ አገኘሁት። እንዲህ እንዲህ ክረምትና በጋ አለፈ። አንድ ጠዋት ተደብቄ ጠበቅኩ፤ ደምሴ ነው። በትከሻው ይዞ መጣ፣ አስቀመጠ፣ ሊሄድ ዞረ።

«አቶ ደምሴ! ማን ነው የላከዎ?»

«ማንም አልላከኝም።»

«ታዲያ ለምን ያመጡልኛል?»

አሰበ። ደምሴ ሲናገር እንደ ድንኳን ካስማ ነው፣ አንዱን ቃል ሳይመታ ወደ ሌላው አይሄድም። «ከባድ ነው» አለኝ። «ብቻሽን አትችይውም።»

እንዲህ ነው የተጀመረው። ቆይቶ ቆይቶ ሻይ ይጠጣ ጀመር። አንድ ቀን ሆዴ አልችል አለኝና ጠየቅኩት፤ ሚስቱ ስትሞት እኔ ነበርኩ ያለቀስኩላት። «ለሚስትህ ያወረድኩትን ታስታውሳለህ?» አልኩት። የፈራሁት አስታውሳለሁ ብሎ እንዳይደግምልኝ ነበር። ያን ቀን አንተ ማለቴንም ያወቅኩት ካልኩት በኋላ ነው።

«አላስታውስም» አለኝ። «አንድም አላስታውስ። ያን ቀን ጆሮዬ ተደፍኖ ነበር። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ግን ጓሮ ቁጭ ብለሽ ልጆቼ የበሉበትን ሳህን ስታጥቢ አይቼሻለሁ። እሱን አልረሳሁትም።»

እኔ ማጠቤን ራሱ አላስታውስም። የዛን ዕለት አለቀስኩ፣ ያለ ግጥም፣ እንደ ማንም ሴት ንፍጤን እየጠረግኩ።

ከዛ «አንድ ቤት እንሁን» አለኝ። አልሆንም አልኩ። ባሏን እንዳትቀብር ያደረግኳት ሴት እዛ ቁጭ ብላ፣ እኔ እዚህ ባል ላገባ? በምን ፊቴ? ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ «እንግዲያ ሂርና እንሂዳ» አለኝ። ልክ ገበያ እንሂድ እንደሚል ሰው።

ሰው የበደለ ድንጋይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚጠይቀው፣ የአባቶች ወግ ነው። ከወንዝ ዳር አንድ ድንጋይ መረጥኩ፣ በነጠላ ጠቅልዬ ይዤ ሚኒባስ ገባሁ። ሹፌሩ አየኝና «እማማ፣ ሂርና ድንጋይ አለቀ አሉ እንዴ?» አለ። ሰዉ ሳቀ። ደምሴ ብቻ ኮስተር ብሎ «የሷ ነው፣ አትንካው» አለው።

የአስካለ በር ላይ ድንጋዩን አንገቴ ላይ አደረግኩ፣ ተንበረከክሁ። ልጇ ከፈተች፣ አየችኝና ወደ ውስጥ ሮጠች። አስካለ ራሷ ወጣች። ከስታለች። ብዙ ቆመችብኝ፤ የምለውን አዘጋጅቼ ነበር፣ ጠፋብኝ።

«ይቅር በይኝ» ብቻ አልኩ።

«ምኑን?» አለችኝ።

«የማይባለውን ብዬ።»

«እሱን አይደለም» አለች። «እነሱ ዐሥራ አምስት ቀን ሙሉ ልጄ መሞቱን እያወቁ ወጤን አብረውኝ በሉ። ዋሹኝ። አንቺ አልዋሸሽኝም። እኔ የማልተውልሽ ማሳመርሽን ነው። ልጅሽ ሞተ ብለሽ በደረቁ ብትነግሪኝ በሰማሁት። አንቺ ግን ቤት እንዲመታ አድርገሽ፣ ሰው እሰይ እያለሽ ነገርሽኝ። ልጄን ሰው ይዘፍነዋል። እኔ ገበያ አልወጣም በሱ ምክንያት።»

እኔንም ገበያ ላይ ታሳድደኛለች ልላት ነበር፤ አፈርኩ። የኔና የሷ እንዴት አንድ ይሆናል።

«አልማርኩሽም» አለች። ከዛ ግን «ድንጋዩን እዛ አውርጂው። ግቢ» አለችኝ።

ገባሁ። ፍራሹ ላይ አልተቀመጥኩም፣ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። «ለግርማ ያለቀሰ የለም» አለች። «ለአባቱ ነው ሰው የመጣው። አሁን አልቅሽለት።» እምቢ ማለት አይቻልም፣ ግን ደግሞ አንድ ቃል የለኝም። አንድ እንኳ! የደረቀ ጉድጓድ። «አልችልም፣ ከኔ ወጥቷል» አልኳት። ከዛ ከአፌ የወጣው የእማማ ዘነቡ ጥያቄ ነው፦ «ምን ይወድ ነበር?»

ነገረችኝ። የተቃጠለ የማሽላ ቂጣ ጠርዙን እንደሚወድ፣ ኳስ ሲያይ እንደሚሳደብ፣ ስትቆጣው ወገቧን ይዞ እንደሚያስደንሳት። ቀኑ ተገባደደ። እኔ አንዱንም ወደ ግጥም አላዞርኩትም። ሰማሁ ብቻ። አንድ ቦታ ላይ «ግርማ» ብላ ስሙን ጠራች፣ እኔም ጠራሁት፣ ሁለታችንም አለቀስን። ይሄው ነው። ይቅር አላለችኝም። ስወጣ «ሁለተኛ እንዳትመጪ» አላለችኝም፣ «ነይ»ም አላለችኝም። ደምሴ የግቢ በሯ ማጠፊያ ወልቆ አግኝቶት፣ እስክወጣ ሲያስተካክል ውሏል።

እሱን አገባሁት። ቄሱ ባረኩን፣ ድግስ አልነበረም። እሱ ድንኳኑን ይተክላል፣ እኔ የተቀደደውን እጥፋለሁ። ግጥም አልተመለሰልኝም፤ እንዲመለስም አልለመንኩ። አሁንም ሰው «ባልሽ» ሲለኝ አፍራለሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ በማግባቴ አይደለም። የሷ ቤት ባዶ ሆኖ የኔ መሙላቱ ነው። ዛሬ ደግሞ ግጥሟን የኔ አይደለችም ማለቴ። አስካለ ፊት የኔ ናት ብዬ ድንጋይ ተሸክሜ፣ ከማላውቀው ሰው ፊት ካድኳት። እነዛን ሰዎች ነገ ደምሴ ይፈልግልኝና፣ የኔ ናት፣ ግን ተዉአት፣ የአንዲት እናት ናት እላቸዋለሁ። ሜሮን፣ እዚህ ላይ ይብቃ።

ይብቃ አልኩ እንጂ፣ ለካ ጎረቤቴ ፋጡማ ከአጥሩ ወዲያ ጫቷን እያሰረች ሁሉንም ሰምታዋለች። «ያ ትርፌ!» ብላ ጠራችኝ ጮኻ። «አፈርኩ፣ አፈርኩ ስትይ ልጅቷን አደከምሻት። ወላሂ እኔ በዚህ አጥር የምሰማው ማታ ማታ አንቺና ሽማግሌሽ ስትስቁ ነው፤ ልጆቼ እንኳ ምን አገኙ ይሉኛል። እሱን ለምን አላጻፍሽም?»